ሐረጎን ያልወጣ መኪና አይገዛም

ደሴ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎ ሞዴሉን፣ ቀጥሎ ቀለሙን። «ጋሼ፣ አንድ መኪና እዩልኝ» ብሎ ለሚመጣብኝ ሰው እኔ የማቀርበው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። መኪናው አሁን ያለው የት ነው? ኮምቦልቻ ከሆነ ደሴ ድረስ ይውጣ። ደሴ ከሆነ ኮምቦልቻ ወርዶ ይመለስ። በዚህ የሚከፋ ሻጭ ብዙ ነው፤ «ነዳጁ በማን ነው?» የሚልም አይጠፋም። ነዳጁን ገዢው ይቻል። ሚሊዮን ብር ለሚያወጣ ሰው የጥቂት ሊትር ዋጋ አይከብድም።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከስድስት መቶ ሜትር የሚበልጠው የከፍታ ልዩነት ግን መንገዱ ላይ እኩል አልተከፋፈለም፤ ትልቁ ድርሻ ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ አስመራ የዘረጋው መንገድ እዚህ ጋ ተራራውን እየዞረ፣ እየታጠፈ ይወጣል። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድበት ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት እንኳ አይታይም። አገሬው ሐረጎን የሚያውቀው በአደጋው ነው። እኔ ግን በመርማሪነት ከሱ የሚበልጥ አንድም መሣሪያ በሁለቱ ከተሞች ጋራዦች ውስጥ አላየሁም።

ሐረጎን የተማርኩት በአሰብ መስመር ነው። እስከ 1990ው የኤርትራ ጦርነት ድረስ የአገሪቱ የገቢ ዕቃ ዋና በር አሰብ ነበር። ዕቃው በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ወደ ሸዋ የሚሄደው ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን የሚሄደው ሐረጎን ይወጣል። ተሳቢ በሚጎትት ፊያት 682 ኤን 3 ላይ ረዳት ነበርኩ። ያ መኪና ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ከሰው እርምጃ አይፈጥንም፤ ረዳት ወርዶ ታኮ ይዞ ከጎማው ኋላ ይከተላል። እንዲህ እየተጓዘ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ የዋለ ልጅ ጆሮው ሳይወድ ይሠለጥናል። ጋራዥ የገባሁት ኋላ፣ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ አሮጌ መኪና ርካሽ ነበር። ዛሬ ለምን እንዲህ እንደ ተወደደ ገዢው ቢያውቅ ሻጩን ሲያይ ዓይኑ ይገለጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን በታክስ ከባድ አደረገው። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከነጭራሹ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እናም አገር ውስጥ ያለው መኪና እዚያው እየተሽከረከረ፣ ከእጅ እጅ እያለፈ ዋጋው ይጨምራል። ይህ ለባለቤቱ ጥሩ ነው፤ ለመኪናው ግን ክፉ ነው። ቆሞም ቢሆን ዋጋ የሚጨምርለትን ዕቃ ማን ወጪ አውጥቶ ይጠግነዋል? ቀብቶ ይሸጠዋል እንጂ። በኔ ግምት ዛሬ ገበያ ላይ ካለው መኪና ቀለሙ ከሞተሩ የተሻለው ይበዛል።

ምርመራው የሚጀመረው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ሻጩ «ከምሳ በኋላ እንገናኝ» ካለ ምሳውን ቅመሱለት እንጂ መኪናውን አትዩ። የሌሊቱን ብርድ ጠጥቶ ያደረ ሞተር ነው እውነቱን የሚናገር። ኮፈኑን አስከፍቱና ከማስነሳታችሁ በፊት እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ለብ ካለ አንድ ሰው ቀድሟችኋል፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። የዘይት መለኪያውን አውጡና በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። መጥቆሩ ችግር የለውም፣ በተለይ ናፍጣ ከሆነ። ወተት የነካው ቡና መስሎ ከወጣ፣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ውስጡ ቡናማ አረፋ ከያዘ፣ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ከዚያ ይነሳ። አንዱ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ከማርሜታው ኋላ ይቁም። በታኅሣሥ የደሴ ጠዋት ነጭ ጭስ ቢያዩ የሚደነግጡ አሉ፤ እሱ እንፋሎት ነው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላም ነጩ ጭስ ካልጠፋ፣ ጣፈጥ ጣፈጥ የሚል ሽታም ካለው፣ የራዲያተሩ ውሃ ከነመድኃኒቱ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊው የዘይት ነው፤ ፋሻው አልቋል ወይም የቫልቭ ጎሚኒው ደርቋል። ጥቁሩ የነዳጅ ነው፤ የሚረጨው ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሶታል።

እዚህ ላይ ለደጋው መኪና አንድ ነገር መመስከር አለብኝ። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የዚያኑ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አሮጌ ናፍጣ ደግሞ ሲረገጥ ትንሽ ጥቁር ያወጣል። ከዝቅተኛ አገር የመጣ ገዢ «ይሄማ ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ጤነኛውን ትቶ ሲሄድ አይቻለሁ። የደከመው ሞተሩ ሳይሆን አየሩ ነው። ውሃም እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር የሚሠራው በዚያው ሙቀት አካባቢ ስለሆነ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ባያደርገው ኖሮ ሐረጎ ጫፍ ላይ ሁሉም መኪና እንደ ጀበና ይገነፍል ነበር። ስለዚህ ያን ከቁም ነገር የማንቆጥረውን ክዳን አይታችሁ፣ ጎሚኒው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ገና ሳትነሱ አስቀይሩት።

አሁን ስለ አንድ ሚኒባስ ልናገር። ጅዳ ለዓመታት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ለወንድሟ ሥራ ልትከፍትለት አስባ ዶልፊን አገኘች፤ ባለ 5ኤል ሞተር፣ ነጭ፣ ውስጡ አዲስ ሽፋን የለበሰ። መኪናው ኮምቦልቻ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስንደርስ ሞተሩ ሞቋል። «ስናጥበው አስነስተነው ነው» አለ ሻጩ። «አብሽር፣ ነገ ጠዋት እንመጣለን» አልኩት። ማታውን ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አድረን ጠዋት ስንመለስ ሞተሩ ቀዝቅዟል፤ በአንድ ጊዜም ተነሳ። ጭሱ ደህና ነው። ሻጩ ደረቱን ነፍቶ «ወላሂ ጋሼ፣ ብሎን አልተፈታለትም» አለኝ።

እኔም ጎንበስ ብዬ የቴስታታውን ሽፋን ብሎኖች አየሁ። ቁልፍ ያላረፈበት ብሎን እንደ አካባቢው ብረት አቧራና ዘይት ተጋግሮበት አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል። እነዚህ ግን ጠርዛቸው ተልጦ ያበራል። ምንም አላልኩም። የተፈታ ብሎን ወንጀል አይደለም፣ ጠግኖት ሊሆን ይችላል። አልተፈታም ብሎ መማሉ ነው የከነከነኝ።

ሻጩ ራሱ መሪ ያዘ፣ እኔ ከጎኑ፣ ልጅቱና ወንድሟ ከኋላ። ከከተማው ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር እግሬ ሥር ሙቀት ተሰማኝ። እጄን ወደ ታች ሰደድኩ፤ ማሞቂያው እስከ ጥግ ተከፍቷል። የኮምቦልቻ ጠዋት ማሞቂያ የሚያስከፍት አይደለም። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። የመኪና ማሞቂያ ማለት ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ከሞተሩ የሚመጣውን ፍል ውሃ ተቀብሎ ሙቀቱን ወደ ተሳፋሪው ይተነፍሳል። የሚሞቅ ሞተር ያለው ሾፌር ዳገት ላይ ይከፍተዋል፣ የሙቀት መርፌውም ዝቅ ይላል። ለችግር ቀን ሸጋ ዘዴ ነው፣ አሰብ መንገድ ላይ እኛም እናደርገው ነበር። ገዢ ጭኖ ግን አይደረግም።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሞቀኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ዝም አለ። ሐረጎን አጋምሰን ሳንጨርስ መርፌው ከመሃል ተነሳ። ሁለት መታጠፊያ አልፈን ወደ ቀዩ ተጠጋ። ዳር አስያዝኩት፤ ሳላስጠፋ በዝግታ እንዲሠራ አድርጌ ሙቀቱ እስኪወርድ ጠበቅን። ፍል ራዲያተር በፍጹም አይከፈትም፤ ፊቱ የተላጠ ሰው አይቻለሁ። ሞተሩን አጥፍተን፣ ቱቦው በእጅ የሚያዝ እስኪሆን ቆይተን፣ ክዳኑን በጨርቅ ከፍቼ ውሃ ሞላሁና እንደገና አስነሳነው። ውሃው እየፈለቀ አረፋ ይተፋል፤ ሳያቋርጥ። ያ አረፋ የራዲያተር አየር ቢሆን ኖሮ ጥቂት ወጥቶ ያቆም ነበር። የማያቋርጠው የሲሊንደሩ ጋዝ ነው። በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል፣ ወይም ከዚያ የባሰ ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። ብሎኖቹ ለምን እንደተፈቱም ታወቀ፤ ጓርኒሲዮኑ ተቀይሯል፣ ቴስታታው ግን ሳይላግ ወይም ሳይመረመር ተመልሶ ተገጥሟል።

ልጅቱ ዓይኗ ከነጩ መኪና አልተነሳም። «ጋሼ፣ አንቱ ካሉ እተወዋለሁ። ግን ሸጋ ነበር።»

«ሸጋማ ነው፣ ቀለሙ» አልኳት።

ሻጩ ዋጋ ልቀንስ አለ፤ ቅናሹም ቀላል አልነበረም። እኔ ግን በጓርኒሲዮን ጉዳይ መደራደር አልወድም። ራዲያተር፣ ጎማ፣ ፍሬን ሸራ፣ ባትሪ ዋጋቸው የሚታወቅ ነው፤ ተደምሮ ከመኪናው ዋጋ ይቀነሳል። የተከፈተ ቴስታታ ውስጥ ምን እንደሚገኝ ግን ሳይከፈት የሚያውቅ የለም። ተውነው። መኪናውን በሳምንቱ ሌላ ሰው ገዛው። እሷ ከሁለት ወር ፍለጋ በኋላ በሩ የተጫረ፣ ወንበሩ የተቀደደ አንድ ዶልፊን ገዛች፤ ሐረጎን ማሞቂያ ሳይከፈትለት ወጥቷል።

ዳገቱ ሞተሩን ሲመረምር ቁልቁለቱ የቀረውን ይመረምራል፤ ብዙ ሰው ግን ወጥቶ ይረካና የመውረዱን ነገር ይረሳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ መኪናውን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ያዙትና ከነዳጁ ላይ እግራችሁን አንሱ። ካንቢዮው የተበላ ከሆነ ሞተሩ ሲይዘው ማርሹን ይተፋዋል፤ ዘንጉ ብቻውን ወደ ፎሌ ይመለሳል። ሻጩ የማርሹን ዘንግ በእጁ ደግፎ የሚነዳ ከሆነ እጁን እንዲያነሳ ጠይቁት። ረዘም ላለ ጊዜ ሳትረግጡ ከወረዳችሁ በኋላ ሜዳው ላይ ድንገት ነዳጅ ስጡትና በመስታወት ወደ ኋላ ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ዘይቱ ሲሳብ ቆይቶ አሁን ተቃጠለ። ይህን ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ሞተር አያሳያችሁም።

ፍሬኑን በሁለት ዓይነት ፈትኑ። ሜዳ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ መሪውን ለቀቅ አድርጋችሁ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፤ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ አንዱ ወገን አይዝም። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ደግሞ ፔዳሉ ከጠዋቱ ይልቅ ወደ ታች ከሰመጠ፣ ወይም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ ውሃ ጠጥቷል፤ ሲግል እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ፍሬን አይገፋም። ይህ ጥገናው ርካሽ ነው። ሳይታወቅ ሲቀር ግን የሰው ሕይወት ይበላል፤ ሐረጎ ምስክር ነው። በነገራችን ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሻጭ ካያችሁ፣ መኪናውን በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ሲነዳው እንደኖረና ፍሬኑ ምን እንዳየ አስቡ።

ወደ ቆርቆሮው ልመለስ። የቀለም ሥራ ደሴ ላይ ጥበበኛ አለው፤ ሙያውን አከብራለሁ፣ ለዚህም ነው የማልተማመንበት። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹ ታች፣ በፓራፋንጎው ዙሪያ፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ አስጠጉ። ላሜራ ይስባል፤ ስቱኮ አይስብም። የበሩን ጎሚኒ ገልበጥ አድርጉና ቀለም የነካው እንደሆነ ተመልከቱ። ፓራፋንጎ የሁሉም መኪና ይጋጫል፤ ጣሪያ ላይ ስቱኮ ካለ ግን መኪናው ተገልብጧል፣ እኔ እዚያው ሰላም ብዬ እመለሳለሁ።

ከአፋር በኩል ለሚመጡ ፒክ አፖች ከሥር መተኛት ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ የባቲና የሚሌ መንገድ መውጫ ስለሆነች፣ አፍዴራ ጨው ሲያመላልሱ ወይም ቆላው ላይ ፕሮጀክት ሲያገለግሉ የኖሩ መኪኖች የሚሸጡት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ጨው ብረት ይበላል፤ የሚበላውም ከማይታየው በኩል ጀምሮ ነው። ሻንሲውን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ። «ጢን» ካለ ብረት ነው። «ዱፍ» ብሎ ቅርፊት ካራገፈ፣ በላዩ የተቀባው አዲስ ጥቁር ቀለም ሸክሙን አይሸከምም።

የቪትዝ ገዢ ደግሞ መሪው ከየት እንደመጣ ይጠይቅ። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምትነዳው። ጃፓን በግራ ስለምትነዳ ከዚያ የመጡት መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው፤ በደንብ የዞረ አለ፣ እንደነገሩ የተበየደም አለ። ዝናብ መጥረጊያውን አስነሱ። የሾፌሩን ጥግ ሳይጠርግ ቀርቶ የተሳፋሪውን ወገን አሳምሮ ከጠረገ፣ መኪናው የተወለደው መሪው በቀኝ ሆኖ ነው። በዚያ ብቻ አይጣልም። ግን ከዳሽቦርዱ ሥር ብየዳውን፣ የመሪውን ዘንግ መገጣጠሚያ፣ የፔዳሎቹን ማሠሪያ መካኒክ በባትሪ ብርሃን ሳያይ ገንዘብ አይከፈልም።

ኪሎ ሜትሩን አታምኑ፤ በላፕቶፕ በደቂቃ ይለወጣል። የፍሪሲዮን ፔዳል ጎሚኒ አልቆ ብረቱ ከወጣ፣ የመሪው ቆዳ ከተላሰ፣ የሾፌሩ ወንበር ወደ በሩ ካዘመመ፣ 80,000 ኪሎ ሜትር የሚለውን ቁጥር እንደ ቀልድ ውሰዱት። ጎማ ጎኑ ላይ በአራት አሐዝ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዓመቱ አሥር ያለፈ ጎማ በኮምቦልቻ ሙቀት መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ብረት ነው። ከኔ ደንበኞች በብረት ከተጎዱት ይልቅ በወረቀት የተጎዱት ይብሳሉ። ሊብሬውን ከመኪናው ጋር አስተያዩ። የሻንሲ ቁጥሩ ኮሮላ ላይ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ ሂሉክስ ላይ ደግሞ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ተቀርጿል። በጨርቅ ጥረጉት፣ አሐዝ በአሐዝ አንብቡት። ዙሪያው ተፍቆ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ቁጥሮቹ ከፍና ዝቅ ካሉ ወይም የአንዱ ቅርጽ ከሌላው ከተለየ፣ ሻጩን ሳትጨቃጨቁ ሂዱ። በ2014ቱ ጦርነት ከሁለቱም ከተሞች የተዘረፉ ተሽከርካሪዎች እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። የተሰረቀ መኪና በሦስተኛው ገዢ እጅ ሲያዝ ገዢው አለማወቁ መኪናውን አያስቀርለትም።

«በውክልና ነው የምሸጠው» የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ወካዩን በስልክም ቢሆን አግኙት። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይሞታል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑን አንብቡ፤ «ማስተዳደር» ብቻ ካለ አይሸጥበትም። ባለቤቱ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ያላገባ ከሆነም ያላገባበት ማስረጃ ይጠየቃል። መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ፋይሉ ላይ የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት ዕግድ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት እንዳለ አጣሩ። ኮድ 3 ከሆነ የግብሩን ነገር አትርሱ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ፣ የኢንዱስትሪ ከተማ እንደመሆኗ ኮምቦልቻ ላይ ይህ ይገጥማል፣ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ታርጋው አዲስ አበባ ከሆነም ፋይሉ ወደ አማራ ክልል እስኪዛወር ያለው ምልልስ የማን ወጪ እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ቦሎ መለጠፉን እንደ ጤና ምስክር የሚቆጥር ገዢም አለ። ቦሎ መኪናው በዚያ ዓመት በምርመራ ማለፉን ይነግራል፤ ስለ ጓርኒሲዮኑ የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖቹ ባጭሩ። ወደኛም መምጣት ጀምረዋል፣ ነገ ያገለገሉት መሸጣቸው አይቀርም። የሚገዛው ባትሪው ነው፤ የቀረው ላሜራ ነው። ባትሪው ከአዲስነት አቅሙ ስንት በመቶ እንደቀረው በመሣሪያ ይነበባል፣ ሳይነበብ አይገዛ። ሐረጎ እዚህም ይሠራል፤ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ የመንገዱና የነፋሱ ሳይቆጠር። ሲወርድ ከዚያ የተወሰነውን መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል። ወጥቶ ወርዶ የባትሪው ቁጥር ምን ያህል እንደቀነሰ ጻፉና ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ጋር አወዳድሩ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል፤ ገዢውንም የተረከበውን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ያዛል። ችግሩ ማስረጃው ነው። እኛ አገር መካኒክ መኪና አይቶ የሚሰጠው ፍርድ በአፍ ነው። «ሸጋ ነው፣ ግዛው» ይላል፣ የሻይ ይቀበላል፣ ይሄዳል። ከወር በኋላ ሞተሩ ሲከፈት ማን ምን እንዳለ ማንም አያስታውስም፤ ደላላውም ስልኩን አያነሳም። አንዳንዱ መካኒክ ከሻጩም ከገዢውም እንደሚቀበል የማያውቅ የለም፤ የሚናገረው ግን የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለገዢው ብቻ ሳይሆን ለሙያ ባልደረቦቼም ጭምር ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ጋራዦች ሆይ፣ መኪና ስታዩ ያያችሁትን ጻፉት። ቀኑን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ያለውን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ መነሳቱን፣ ሐረጎ ላይ መርፌው የት እንደደረሰ፣ ያልተፈተሸውንም ጭምር ጽፋችሁ ፈርሙና ማኅተም አድርጉበት። ለዚያም ተገቢውን ዋጋ አስከፍሉ። ገዢውም ይህን ወረቀት ሳይዝ ቀብድ አይስጥ።